ማቀዝቀዣው ምን ይላል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ማቀዝቀዣ ነው፤ ማለትም ፍሪጅ ስለምንለው ዕቃ። ፍሪጅ የሌላችሁም አዳምጡ። የጎረቤት ፍሪጅም ይጮኻል።

አንዲት ጎረቤቴ የልጇን ኢንሱሊን በፍሪጅ ታስቀምጣለች። ኢንሱሊን የስኳር ሕመም መድኃኒት ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ መጣ። ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ ወዲያው «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ይደግማል። እሷም በሩን ከፈት አድርጋ፣ «አምፖሉ በርቷል፤ ደኅና ነው» ብላ ተኛች። ጧት ወተቱ ኮምጥጧል፤ መድኃኒቱም ሞቋል።

አምፖሉ ቢበራም ሞተሩ አልሠራም ነበር።

ሞተሩ ከጀርባ በታች በኩል ያለው ጥቁር ነገር ነው። ጋዝ እየጨመቀ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ይገፋል። ጋዙ የውስጡን ሙቀት ወስዶ ወደ ውጭ ያወጣል። ሞተሩ «እምምም» ቢል ሥራ ላይ ነው። ጋዙም ሲሄድ ጀበና ሲፈላ እንደምንሰማው ይንፎቀፎቃል። ፕላስቲኩ በቅዝቃዜ ሲኮማተር «ጠሽ» ሊል ይችላል። በነዚህ አትደንግጡ።

ቢንቀጠቀጥስ? ምናልባት እግሩ አልተስተካከለም። ውሃ ያለበት ሳህን አናቱ ላይ አስቀምጡ፤ ውሃው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ እግሩን አስተካክሉ። ከግድግዳውም አራት ጣት ያህል አርቁት።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ፍሪጅ እንመለስ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። መብራት እንደጠፋ ወዲያው ሲመለስ፣ የተጨመቀው ጋዝ ገና አልረገበም። ሞተሩ ዳገት ላይ እንደቆመ የተጫነ አህያ ይሆናል፤ መነሣት ያቅተዋል። ሲታገል ይግላል። እንዳይቃጠል መከላከያው «ቀጭ» ብሎ ያጠፋዋል። ሲበርድ እንደገና ይሞክራል። እንዲህ ሲደጋግም ካደረ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ንቀሉ። ሲመለስ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቆዩና ሰኩት። የቤቱ አምፖል ፈዞ ከሆነ ግን ኃይሉ ከ220 ቮልት ወርዷልና አትሰኩት። ብዙ ዕቃ በተሰካበት ዲቫይደር ላይም አትሰኩት፤ ለብቻው ከግድግዳው ይሰካ። ኃይሉ ደኅና ሆኖ «ቀጭ» ማለቱን ካልተወ ባለሙያ ጥሩ። አንዳንዴ የተበላሸችው ማስነሻዋ ብቻ ናት፤ እሷም ከሞተሩ በጣም ትረክሳለች። ባለሙያው «ሞተር ይቀየር» ካላችሁ፣ «ማስነሻውን አይተሃል ወይ?» በሉት። መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በረዶ በቢላዋ አትፈልፍሉ፤ ቱቦው ይበሳል። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ ይቀጣጠላል። ቱቦው ተበስቶ «ሽሽሽ» ካለ በርና መስኮት ክፈቱ። ክብሪት አትጫሩ፤ ማብሪያ ማጥፊያም ስፒናም አትንኩ፤ ከክፍሉ ውጡ።

የኢንሱሊኑ ነገርስ? ጎረቤቴ በዚያው ጧት ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳ አሳየችው።

ለሚቀጥለው ትምህርት እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ፦ ሞተር፣ ጋዝ፣ ስፒና፣ ቮልት።