ሰውና እንስሳ ስለ ምን ይተኛሉ?

በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ይባላል፤ ይገሠጻል፤ አንዳንድ ጊዜም ቆሞ እንዲማር ይታዘዛል። እኛ ግን አስተማሪው ቅጣት ከማሰቡ አስቀድሞ፣ ልጁ ትናንት በስንት ሰዓት እንደ ተኛ ይጠይቀው ዘንድ እንወዳለን። እንቅልፍ እንደ ምግብና እንደ ውኃ ሁሉ ለሰውነት የግድ የሚያስፈልግ ነውና።

ለዚህም እንስሳት ምስክር ይሆኑናል። የተኛ እንስሳ ለአዳኙ የተጋለጠ ነው፤ ያለ እንቅልፍ መኖር ቢቻል ኖሮ አብዛኞቹ ባልተኙም ነበር። ዶልፊን የተባለው የባሕር እንስሳ በውኃ ውስጥ ቢኖርም የሚተነፍሰው አየር ስለ ሆነ ከባሕሩ ፊት ብቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህም የአንጎሉ አንደኛው ወገን ሲተኛ ሁለተኛው ነቅቶ ይጠብቃል፤ ከዚያም ይፈራረቃሉ። ፈረስ ደግሞ የእግሩ ጅማቶች ደግፈው ስለሚያቆሙት ቆሞ ሊያሸልብ ይችላል። ነገር ግን ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ሲመጣ ጡንቻው ሁሉ ስለሚላላ መተኛት ግዴታው ነው። ፈረሱን በአጭር ገመድ አስሮ የሚያሳድር ሰው ይህን እንቅልፍ እንደሚከለክለው ልብ አይልም።

በ1894 እ.ኤ.አ. ማናሴይና የተባሉት ሩሲያዊት ሐኪም ቡችሎችን እንቅልፍ ቢከለክሏቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቱ።

ስንተኛ ሰውነታችን ሥራ አይፈታም። በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ልጆችን የሚያሳድገው ሆርሞን በብዛት ይመነጫል፤ ቀን የተማርነውም በአንጎላችን ውስጥ ይጸናል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር ደግሞ፣ በእንቅልፍ ጊዜ በአንጎል ሕዋሳት መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ቆሻሻው እንደሚታጠብ አመለከተ። ይህን ሊቃውንቱ ገና ይከራከሩበታል።

ነቅተን በምንውልበት ጊዜ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎላችን እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን ማረፊያ ቀድሞ ይይዝበታል እንጂ ድካሙን አያስወግደውም። ካፌይኑም ከ5 ሰዓት ገደማ በፊት ግማሹ ከሰውነት አይወጣም። እንግዲህ በምሽት ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው እንቅልፍ እንቢ ቢለው ሊደነቅ አይገባውም።

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ጎልማሳ ሰው ከ7 ሰዓት ያላነሰ መተኛት ይገባዋል። ከጠዋቱ በ12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ 10 ሰዓት እንዲተኛ ከተፈለገ ከምሽቱ በ2 ሰዓት መተኛት አለበት ማለት ነው። በብዙ ቤት ግን በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ እንግዳም ይስተናገዳል፤ ልጁም የሚተኛው በዚያው ክፍል ነው። ክፍል መጨመር ባይቻል እንኳ ድምፁን መቀነስ፣ መብራቱንም በመጋረጃ መከለል አያቅትም።

በቂ ሰዓት ተኝቶ ሳለ ቀን የሚያንቀላፋ፣ ሌሊትም አዘውትሮ የሚያንኮራፋ ልጅ ቢኖር፣ ቶንሲሉ አብጦ ትንፋሹን እያቋረጠበት ሊሆን ስለሚችል ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እንጥሉን በመንደር ማስቆረጥ ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ያጋልጠዋል እንጂ አያድነውም።