መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ «ተነሣ» የሚለውስ ማን ነው?

ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል በተባለ ቁጥር መጀመሪያ ከሚነሡት አንቀጾች አንዱ ስለ መሬት ባለቤትነት የሚደነግገው አንቀጽ 40 ነው። ክርክሩ ከዓመት ዓመት መልኩን አይለውጥም። አንዱ ወገን «መሬት ይሸጥ፣ ይለወጥ» ይላል፤ ሌላው «ገበሬው ሸጦ ከተማ ይገባና ለማኝ ይሆናል» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መሀል ገበሬውን ከሁሉ የሚያስጨንቀው ነገር ሳይነሣ ይታለፋል። አንድ ቀን «ተነሣ» ቢባል እምቢ ማለት ይችላል ወይ? ካልቻለስ ምን ይዞ ነው የሚወጣው? የመሬት ታሪካችንን በዚህ ጥያቄ ብንመረምረው ይበልጥ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ከአብዮቱ በፊት በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥርዓት አልነበረም። በጎንደር፣ በጎጃምና በትግራይ መሬቱ በአመዛኙ ርስት ነበር፤ ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል፣ ሙግቱም አያልቅም። በደቡብ ግን ከምኒልክ ዘመን ዘመቻ በኋላ ብዙው መሬት ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩ፣ ለቤተ ክህነትና ለባላባቱ ተከፋፈለ። ነባሩ አራሽ ጭሰኛ ሆነ። እንደ ውሉ ሲሶ ወይም እኩል ያስረክባል፤ ብዙ ጊዜም አሥራቱን የሚከፍለው እሱ ነው። ውሉ በቃል ስለሆነ «ውጣ» ሲባል የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም። በ1960 አካባቢ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር፤ ምርቱ አዋጭ መሆኑ ሲታይ ግን ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን እያስነሡ በትራክተር ማረስ ያዙ። የጭሰኛውን ውል መልክ ለማስያዝ የተረቀቀው ሕግም ፓርላማ ገብቶ ሳይጸድቅ ቀረ። ከእንደራሴዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬት ነበሩ።

ተማሪዎች በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ በወጡ በአሥር ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ መሸጥ፣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ። ለደቡቡ ጭሰኛ ይህ አዋጅ ነጻነት ነበር። ከዚያ ወዲያ የደረሰውን በደል ሁሉ ቆጥረን እንኳ ይህን መካድ አይገባም፤ እህሉን ለጌታው ተሸክሞ ይወስድ የነበረ ሰው ወደ ገዛ ጎተራው አስገባው።

ነገር ግን አዋጁ መሬቱን ከባለመሬቱ ሲወስድ ለአራሹ አላስረከበውም። የሚሰጠውም የሚነሣውም ገበሬ ማኅበሩ ሆነ፣ ከገበሬ ማኅበሩ በላይ ደግሞ መንግሥት አለ። ገበሬው ምርቱን በተተመነለት ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እንዲያስገባ ታዘዘ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በመንደር ምስረታ ቤቱን አፍርሶ ተዛወረ። ሁለቱንም እምቢ የሚልበት መብት አልነበረውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ባለቤትነቱን «የመንግሥትና የሕዝብ» አለው፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለገበሬው ሁለት ትልልቅ ተስፋዎችም ሰጠ፦ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1989 በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች መሬት እንደገና ተደለደለ። በደርግ ዘመን በያዘው የቀበሌ ሹመት «ቢሮክራት» ተብሎ የተቆጠረ ገበሬ ማሳው ተሸንሽኖ ለሌላ ሲሰጥ አየ። እርከን የሠራ፣ ዛፍ የተከለ ሰው ነገ የማን እንደሚሆን የማያውቀውን መሬት ለምን ይንከባከባል? የመሬት ጉዳይ ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ ተደጋጋሚ ድልድል ገበሬውን ዋስትና እንዳሳጣው ደጋግመው ጽፈዋል።

ይህን ስጋት ያቃለለው የይዞታ ደብተር ነው። በ1990 ትግራይ ጀመረችው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ተከተሉ። ወሰኑ በጎረቤት ምስክርነት ተለይቶ በአነስተኛ ወጪ ተመዘገበ። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ፎቶ በአንድ ደብተር ላይ መለጠፉ ብዙ ሴቶችን ረድቷል፤ በፍቺ ጊዜ ባዶ እጇን ትወጣ የነበረች እናት ዳኛ ፊት የምታቀርበው ወረቀት አገኘች። ማሳን በእኩል ወይም በገንዘብ መስጠትም ቀለለ። በእኔ ግምት በመሬት ጉዳይ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ሥራዎች የዚህን ያህል የተሳካ የለም።

ደብተሩ ግን ከጎረቤት እንጂ ከመንግሥት አይጠብቅም። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለሕዝብ ጥቅም የሚነሣ ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ። ስሌቱን ልብ ይሏል፦ የሚከፈለው ለሰብሉና ላፈራው ንብረት ነው፤ መሬቱ የእሱ ስላልሆነ የመሬቱ ዋጋ አይታሰብም። ያው ማሳ ወደ ከተማ ሲካለል ግን በሊዝ ጨረታ በካሬ ሜትር ይወዳደሩበታል። ልዩነቱን የሚያገኘው ከተማው ነው። ገበሬው «ካሳው አነሰ» ብሎ መክሰስ ሲችል «ለሕዝብ ጥቅም የተባለው ሐሰት ነው» ብሎ የሚሟገትበት በር ተዘግቶበት ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ለዓመታት የተጠራቀመው ምሬት ከዚህ የመጣ ነው። በ2006 አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉትን የኦሮሚያ አካባቢዎች በአንድነት ለማልማት በታቀደው ማስተር ፕላን የተነሣው ተቃውሞ በኅዳር 2008 ከኦሮሚያዋ ጊንጪ እንደገና ፈንድቶ ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ ፕላኑም በጥር ቀረ። በጋምቤላም ለአንድ የውጭ ኩባንያ 100,000 ሄክታር ሲሰጥ የአካባቢው ነዋሪ የወሳኝነት ድርሻ አልነበረውም።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ከፍ አድርጎ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ፤ አቤቱታ የሚሰማ አካልም አቋቋመ። መሻሻል ነው። የመሬቱ ዋጋ ግን አሁንም ከስሌቱ ውጭ ነው።

«አይሸጥ» የሚሉትን ወገኖች ስጋት አላቃልልም። በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲራብ ገበሬው ከብቱን ሸጧል፤ መሬትም የሚሸጥ ከሆነ ከከብቱ ቀጥሎ እሱ ይሄዳል፣ በርካሽ። በችጋር ዓመት የሚሸጥ ሰው አይመርጥም። ስለዚህ ሽያጩ ይቆይ ቢሉኝ እስማማለሁ። ሳይሸጥም ግን ገበሬው በማሳው ላይ ከሚመጣ ጥቅም ድርሻ ሊኖረው፣ የሚወሰድበትንም ምክንያት በፍርድ ቤት ሊሞግት ይችላል። ለዚህ ሕገ መንግሥቱን መለወጥ አያስፈልግም፤ አዋጅ ይበቃል።

በ2016 የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደርን ፈቅዷል። ገበሬው ድሮም ቢሆን በወለድ አገድ ማሳውን ለአበዳሪ ሲሰጥ ኖሯል፤ አሁን ባንክ መጠየቅ ይችላል። የሚጠይቀው ግን ደብተር ያለው ነው። ከ1989 ድልድል በኋላ የተወለደው ወጣት ዛሬ ትዳር ይዞ ልጅ ወልዷል፤ ድርሻው የአባቱ ማሳ ቁራጭ ነው፣ ብዙው ቤተሰብ የያዘው ደግሞ ከ1 ሄክታር ያነሰ ነው። አንቀጽ 40 መሬት በነጻ እንደሚሰጠው ይናገራል፤ ቀበሌው ውስጥ ደግሞ የሚሰጥ መሬት የለም። ስለዚህ ወጣቱ የሌላውን ማሳ በእኩል አርሶ ግማሹን ለባለ ደብተሩ ያስረክባል።