በቀን 1 ሚሊ ሜትር

ቆዳ ተቆርጦ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ልብም ሲጎዳ የሞተው ጡንቻ ቦታውን ለማይኮማተር ጠባሳ ይለቃል። አጥንት ግን በወጉ ከዳነ የሚሠራው ራሱን አጥንትን ነው፤ ከዓመታት በኋላ ራጅ ተነሥቶ ስብራቱ የቱ ጋ እንደነበር የማይለይበት ጊዜ ብዙ ነው። እግር የማስረዘም ቀዶ ሕክምና የቆመው በዚህ ጠባይ ላይ ነው። ሐኪሙ ከውጭ አጥንት አምጥቶ አይቀጥልም። አጥንቱን ይቆርጥና ሊገጥም ሲል ትንሽ ትንሽ እያራቀ፣ ሰውነቱ ክፍተቱን እንዲሞላ ያደርገዋል።

መንገዱን የቀየሰው ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የሚባል የሶቪየት ሐኪም ነው። በምዕራብ ሳይቤሪያ በኩርጋን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስብራታቸው አልገጥም ያላቸውን ሰዎች ሲያክም፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ እግሩን በቀለበት የሚከብ፣ በቀጫጭን ሽቦ አጥንቱን ወጥሮ የሚይዝ ብረት ሠራ። እንደሚተረከው ከሆነ አንድ ታካሚ ብሎኑን ማጥበቅ ሲገባው ወደ ማላላት አዙሮት፣ ሐኪሙ ራጁን ሲያይ በክፍተቱ ውስጥ አዲስ አጥንት በቅሎ አገኘ። ታሪኩ የተወራውን ያህል ንጹሕ ይሁን አይሁን፣ ሥራው ግን በዓይን የሚታይ ነበር። በሞተር ሳይክል አደጋ እግሩ የተሰባበረው የከፍታ ዝላይ ሻምፒዮን ቫለሪ ብሩሜል በ1968 ኩርጋን ታክሞ ዳግም መዝለል ችሏል።

ለዚህ ሕክምና ድንበር መሻገርም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከቶር ሄየርዳል ጋር በ«ራ» ጀልባ ውቅያኖስ ያቋረጠው ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ካርሎ ማውሪ፣ በአገሩ ያልዳነለትን እግር ይዞ በ1980 ሳይቤሪያ ድረስ ሄደ። ድኖ በመመለሱ የጣሊያን ሐኪሞች በዓመቱ ኢሊዛሮቭን ጋበዙት፤ ምዕራቡ ዓለም ዘዴውን በደንብ ያወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ጉዞው አቅጣጫውን ለውጧል። በየስልኩ የሚታየው ማስታወቂያ የሚጠራው ወደ ኢስታንቡልና ወደ ዴልሂ ሲሆን፣ ከሚሄዱት አንዳንዶቹ እግራቸው ምንም ያልሆነ፣ ቁመት ብቻ የፈለጉ ናቸው።

ማስታወቂያው ስለ ቀዶ ሕክምናው ያወራል፤ እሱ ግን ቀላሉ ነው፣ ከጥቂት ሰዓት አያልፍም። ከዚያ ከ5 እስከ 7 ቀን አጥንቱ ሳይነካ ይቆይና መሳቡ ይጀመራል፤ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ ያውም ሩብ ሩቡን 4 ጊዜ ተከፍሎ። ፈጠን ከተባለ ክፍተቱን አጥንት ሳይሆን ለስላሳ ሥጋ ይሞላዋል፤ ከተዘገየ ደግሞ ሳይረዝም ይገጥማል። 5 ሴንቲ ሜትር የፈለገ ሰው 50 ቀን ይስባል። በዚያን ጊዜም የበቀለው ነገር ራጅ ላይ እንደ ጭጋግ የሚታይ ለጋ ነው፤ ክብደት እስኪሸከም ደግሞ የሳቡትን ጊዜ እጥፍና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሐኪሞች በግርድፉ ለ1 ሴንቲ ሜትር 1 ወር ያስባሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ይጨምርበት።

አጥንት ይታዘዛል፤ እንቢ የሚለው ዙሪያው ያለው ነው። የባት ጡንቻ ሲወጠር ተረከዙን ወደ ላይ ይጎትትና ሰውየው በጣቱ መቆም ይጀምራል። ጉልበት ይደርቃል። ነርቭ ከተሳበ እግር መደንዘዝ ይመጣል፤ መሳቡ ቶሎ ካልቀነሰ ወይም ካልቆመ የእግር መዳፍ አልነሣ ብሎ ሊቀር ይችላል። ሽቦው ቆዳውን የሚበሳበት ቦታ ሁሉ ለኢንፌክሽን በር ነው። በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ በአጥንቱ ውስጥ ገብቶ ከውጭ በማግኔት የሚረዝም ዘንግ ይህን የቆዳ ጣጣ አስቀርቷል፤ ጡንቻና ነርቭ ላይ ያለው ግን እንዳለ ነው። ክብደት ይሸከማል ተብሎ በኋላ የመጣው የዚሁ ዘንግ ዓይነትም፣ በዙሪያው አጥንት ላይ ለውጥ በመታየቱ በ2021 ከገበያ ተሰብስቧል።

እንግዲህ እነዚህን ወራት በሰሜን ሸዋ፣ አንኮበር ላይ እናስባቸው። አንድ ወጣት ተሰፍቶ፣ ገና እየሳበ፣ ቪዛውና ገንዘቡ አልቆ ተመለሰ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቤቱ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ። ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለት ጤነኛውንም ጉልበት ይፈትናል፤ በክራንች አይሞከርም። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ራጅ፣ በየቀኑ ፊዚዮቴራፒ ያስፈልገዋል። ሌሊት ጣቱ ቢደነዝዝ «ዛሬ አቁም» የሚለው ሐኪም ያለው ኢስታንቡል ነው። ከዚህ ሕክምና ውስጥ በአውሮፕላን ተሂዶ የሚያልቀው ትንሹ ክፍል ነው፤ ትልቁ ክፍል ሐኪምና ታካሚ አንድ ከተማ ውስጥ እንዲኖሩ ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት «ስንት ወር እዚያ እቀመጣለሁ? ከተመለስኩ በኋላ የሚያየኝ ማን ነው?» ማለት ይቀድማል።

ቁመት የሚመኘውን ሰው አልስቅበትም፤ በአጭርነት ሲሰደቡ ማደግ ቀልድ አይደለም። ግን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 1.65 ሜትር ገደማ ሆኖ ነው ዓለምን ያስከተለው። ጤነኛ የእግር አጥንትን መቁረጥ ለሐኪሙም ከባድ ጥያቄ ነው፤ ቻይና በ2006 ዘዴውን ለቁመት ብቻ መጠቀምን የከለከለችው በደረሰው ጉዳት ብዛት ነው።

በሰሜን ሸዋ ሕክምናው በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ሌሎች ናቸው። ከፈረስ ወይም ከገደል የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚወሰደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ጎበዝ ወጌሻ ቀላል ስብራት ያድናል፤ የተደራረበ የጭን አጥንት ግን በእጅ ታሽቶ ቦታው አይገባም፤ እንደተደራረበ ሲገጥም እግሩ ያጥራል። ወጌሻው የሚያስረው ቀርከሃ ከጠበቀ ደግሞ ደም ይቋረጥና መዘዙ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። በደጋው ብርድ ተጠቅልሎ ፀሐይ ሳያይ የሚያድግ ሕፃን ቫይታሚን ዲ ያጥረውና አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩም ይጎብጣል። በልጅነት የገባ የአጥንት ኢንፌክሽንም የማደጊያውን ክፍል አበላሽቶ አንዱን እግር ወደ ኋላ ያስቀራል።

ለእነዚህ ከባሕር ማዶ በፊት የሚታይ በር አለ። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የሕፃናትን የእግር ጉድለት የሚያክመው ኪዩር ሆስፒታልም እንዲሁ። የሁለቱ እግሮች ልዩነት ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ደግሞ ቀዶ ሕክምናም አያሻም፤ ጫማ ሠሪ አንዱን ሶል ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ ለሆነውና ገና እያደገ ላለ ልጅ፣ የረጅሙን እግር ማደጊያ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማስቆምና አጭሩ እንዲደርስበት መተው ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን ዕድገት ሳያበቃ ነው፤ ለሴት ልጅ እስከ 14፣ ለወንድ እስከ 16 ዓመት ገደማ። ዕድሜው ሲያልፍ እግር እኩል የሚሆነው ረጅሙ አጥንት ተቆርጦ ሲያጥር ወይም አጭሩ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ሲሳብ ነው።