ልጁ ገባ፣ ወላጁስ?

አሜሪካ ውስጥ የመኖሪያ ወረቀት ያለውም የሌለውም ስደተኛ ልጁን በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ማስተማር ይችላል። ዛሬ እንደ ተራ ነገር ቢታይም በክርክር የተገኘ መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ያለ ፈቃድ ወደ አገሪቱ ለገቡ ልጆች ማስተማሪያ ገንዘብ እንዳይሰጥ በሕግ ከለከለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የታይለር ከተማ የትምህርት አስተዳደር ከእነዚህ ልጆች በነፍስ ወከፍ በዓመት 1,000 ዶላር ይጠይቅ ጀመር። ቤተሰቦቹ ከሰሱ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1982 በአምስት ለአራት ድምፅ ፈረደላቸው። ዳኛ ዊልያም ብሬናን የጻፉት ፍርድ አንዱ መሠረት፣ ልጆች ወላጆቻቸው ላደረጉት ነገር ተጠያቂ አይደሉም የሚል ነው። ክፍለ ግዛቱ ገንዘብ እቆጥባለሁ ብሎ ያቀረበውንም መከራከሪያ ችሎቱ አልተቀበለውም።

ተመዝግቦ መግባት ግን መማር ማለት እንዳልሆነ ከዚያ ቀደም ብሎ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ታይቶ ነበር። ወደ 1,800 የሚጠጉ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሳይሰሙ፣ አንዳች ተጨማሪ እገዛ ሳያገኙ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት መጽሐፍና መምህር እስካገኘ ድረስ አድልዎ የለም የሚለው ክርክር በሥር ፍርድ ቤቶች ተቀባይነት አግኝቶ ሳለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በሙሉ ድምፅ ሻረው። ቋንቋውን ለማይሰማ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ማደል እኩልነት አይደለም ተባለ። በ1981 ደግሞ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት መለኪያ አወጣ፦ እርዳታው ባለሙያዎች የሚቀበሉት መሠረት ይኑረው፣ በቂ መምህርና ገንዘብ ይመደብለት፣ ውጤቱ ታይቶ ካልሠራ ይቀየር። የትኛው ዘዴ ይሻላል የሚለውን ዳኞቹ ስላልወሰኑ ጭቅጭቁ ወደ ምርጫ ሣጥን ዞረ። ካሊፎርኒያ በ1998 በሁለት ቋንቋ ማስተማርን በሕዝበ ውሳኔ አጠበበች፤ በ2016 በሌላ ሕዝበ ውሳኔ መልሳ ፈቀደች።

በማስተማሪያ ቋንቋ ላይ የተደረገው ይህ ረጅም ሙግት፣ በእኔ ግምት፣ ከእሱ የማያንስ ጥያቄ ጋርዷል። ልጁን የሚያስገባ ሕግ ተገኘ፤ ወላጁን የሚያስገባው ግን ሁልጊዜ እንደ ትርፍ ሥራ ነው የታየው። የአሜሪካ ትምህርት ቤት ደግሞ ከወላጅ ብዙ ይጠብቃል። ገና በምዝገባው ዕለት ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይነገራል የሚል መጠይቅ ይሞላል፤ ልጁ የእንግሊዝኛ ፈተና ይቀመጥ አይቀመጥ የሚለየው በዚያ ወረቀት ነው። ከአገር ቤት የመጣው ትራንስክሪፕት ካልተተረጎመና ካልተመዘነ 10ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ እንደገና 9ኛ ሊጀምር ይችላል። የትኛውን ሒሳብ፣ የትኛውን ሳይንስ እንደሚወስድም ይመረጣል፣ ምርጫውም ኮሌጅ ድረስ ይከተለዋል። አገር ቤት ሥርዓተ ትምህርቱን መንግሥት ያወጣል፣ ማን ወዴት እንደሚሄድ ብሔራዊ ፈተናው ይለያል፤ ወላጅ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል፣ ትምህርት ቤቱን የሚረግጠውም ብዙውን ጊዜ ልጁ አጥፍቶ «ወላጅ አምጣ» ሲባል ነው። ከዚህ ልማድ የመጣ አባት በየጊዜው ጥሪ ሲደርሰው ወይ ይደነግጣል፣ ወይ በመምህሯ ሥራ ጣልቃ ላለመግባት ይቀራል። እሱ ያከበራት ይመስለዋል፤ እሷ ስለ ልጁ ግድ የለውም ትላለች።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚወጣው እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች በተለየው የኢ.ኤስ.ኤል. ክፍል ጉዳይ ነው። በካናዳ ጂም ከሚንስ፣ በካሊፎርኒያ ኬንጂ ሃኩታ የተባሉ ተመራማሪዎች ያካሄዷቸው ጥናቶች የሚስማሙበት ነገር አለ፦ ልጅ ለመጫወቻና ለወሬ የሚበቃ እንግሊዝኛ ቶሎ ይይዛል፣ የታሪክ መጽሐፍ አንብቦ ለመተንተን የሚበቃውን ለማግኘት ግን ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። እናት ልጇ ከጓደኞቹ ጋር እንደ ውሃ ሲያወራ ትሰማና «ምን ጎደለውና ነው ከደካሞች ጋር የሚያስቀምጡት?» ትላለች። ሕጉ አልፈልግም ብላ እንድትፈርም ይፈቅድላታል፤ ልጁ ግን ብቁ ነው እስኪባል ድረስ በየዓመቱ የቋንቋ ፈተናውን መውሰዱ አይቀርለትም። ይህን ያስረዳት ሰው ከሌለ የፈረመችው በጭፍን ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ ልጁ ለዓመታት እዚያው ክፍል ተቀምጦ ለምን እንዳልወጣ የሚጠይቅለት ያጣል።

ክፍተቱን ብዙ ቦታ የሚሞላው ልጁ ራሱ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ መምህሩ ስለ እሱ ድክመት የሚናገረውን ለአባቱ ሲተረጉም ምን እንደሚቀንስ መገመት አያቅትም። እውነቱን ቢናገርም እንኳ የቤቱ ሥልጣን ተገልብጧል፤ አባት በልጁ አፍ ካልሆነ አይሰማም፣ አይናገርም። የፍትሕና የትምህርት ሚኒስቴሮች በጥር 2015 ያወጡት መመሪያ፣ ትምህርት ቤቶች ወላጅን በሚገባው ቋንቋ እንዲያነጋግሩና ተማሪን አስተርጓሚ እንዳያደርጉ ያሳስብ ነበር። የትራምፕ አስተዳደር በ2025 ሰርዞታል። መመሪያው ቢሰረዝም የቆመበት የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አልተሻረም፤ የተለየ ድጋፍ ለሚሻ ልጅ በሚደረገው ስብሰባም ለወላጅ አስተርጓሚ ማቅረብን የሚያዝ ሌላ ሕግ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የራሷ የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ የሞንጎመሪ ካውንቲና የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶችም በአማርኛ ይጽፋሉ።

ተቃውሞ የሚነሳው ከወጪው ነው፤ አስተርጓሚ ያስከፍላል፣ ግብር ከፋዩም የእኔ ልጅ ክፍል ተጣቧል ይላል። ወጪው እውነት ነው። ትራንስክሪፕቱን የሚያነብለት አጥቶ አንድ ዓመት የሚደግመው ልጅ ወጪም ግን በዚያው ካውንቲ በጀት ላይ ነው የሚወድቀው። ሌላው ሙግት፣ የቀድሞዎቹ ጣሊያኖችና አይሁዶች ያለ አስተርጓሚ አልፈውበታል የሚል ነው። ያን ጊዜ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ፋብሪካ ይቀበለው እንደነበር ተናጋሪዎቹ አይጨምሩም። ወላጁ ለምን እንግሊዝኛ አይማርም ለሚሉትም መልሱ ይማር ነው፤ ቀን ሆቴል፣ ማታ ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው ቋንቋውን እስኪይዝ ግን የልጁ 9ኛ ክፍል ቆሞ አይጠብቀውም።

ጠንካራ የምለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የተተረጎመው ደብዳቤ አይነበብም። እውነት አለው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ አማርኛ አያነብም፤ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚሻለው አለ፣ በማሽን የተተረጎመው ጽሑፍ ደግሞ አማርኛ ለሚያነበውም ግራ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከወረቀት ይልቅ ሰው ላይ ቢውል እመርጣለሁ፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ፣ ስልክ የሚደውል፣ ወላጅ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቀድሞ ወደሚገኝበት ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ዕድር የሚሄድ የቤተሰብ አገናኝ ያስፈልጋል። በጥር 2025 ትምህርት ቤቶችን ከኢሚግሬሽን ፖሊስ ይጠብቅ የነበረው ፖሊሲ ከተነሳ ወዲህ ይህ ሰው ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። ለምዝገባ የአድራሻ፣ የዕድሜና የክትባት ማስረጃ እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ እንደማያስፈልግ፣ ፈርቶ ልጁን ቤት ላስቀረ አባት በስልክ የሚነግረው እሱ ነው።