የመኖሪያ ቤት የኮንክሪት ሥራ በሚኒሶታ

የመኖሪያ ቤት የኮንክሪት ሥራ በሰሜን አሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት የቤት መሠረትን፣ የምድር ቤት ግድግዳን፣ የጋራዥ ወለልን፣ የመኪና መግቢያን፣ የእግረኛ መንገድንና የውጭ ደረጃን የሚያጠቃልል የግንባታ ዘርፍ ነው። የግዛቲቱ ብርድ እጅግ ከባድ በመሆኑ የሥራው ደንብ፣ የድብልቁ ዓይነትና የሥራ ተቋራጭ አመራረጥ ሞቃት አየር ካላቸው አካባቢዎች ይለያል። በሚኒያፖሊስ ከተማ የጃንዋሪ ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በግዛቲቱ የተመዘገበው ዝቅተኛ ሙቀት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ታወር በተባለች ከተማ አካባቢ የታየው ሲሆን ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ «ክረምት» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ እንደሚታወቀው የዝናብን ወቅት ሳይሆን ከኖቬምበር እስከ ማርች የሚቆየውን የበረዶ ወቅት ያመለክታል።

ብርድ በኮንክሪት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ኮንክሪት ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውሃ የሚሠራ ነው። ከደረቀ በኋላም ቢሆን በውስጡ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይመጣል። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ይዘቱ በ9 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀዳዳው በውሃ ተሞልቶ ከሆነ በረዶው የሚሰፋበት ቦታ ስለማያገኝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ቀን እየቀለጠ ሌሊት እየረጋ ይህ በተደጋገመ ቁጥር የላይኛው ገጽ እየተላጠ ይነሳል፤ ጠጠሩም ይገለጣል። በረዶ ለማቅለጥ የሚበተን ጨው ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ጉዳት ከሥር የሚመጣ ነው። ደቃቅ አፈር ከታች ያለውን እርጥበት ወደ ቀዘቀዘው ክፍል እየሳበ ስስ የበረዶ ንጣፎችን ይሠራል። እነዚህ ንጣፎች እየወፈሩ ሲሄዱ መሬቱን ከነተሸከመው ነገር ወደ ላይ ያነሱታል። በጸደይ ሲቀልጡ ደግሞ አፈሩ ረግቦ ይሰምጣል። ደረጃ ከቤቱ ተነጥሎ ሲያዘነብል ወይም የጋራዥ በር አልዘጋ ሲል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የመሠረት ጥልቀት

ይህን ለመከላከል የሚኒሶታ የግንባታ ደንብ የቤት መሠረት አፈር ከሚቀዘቅዝበት ጥልቀት በታች እንዲያርፍ ያዛል። ደንቡ ግዛቲቱን በሁለት ቀጠና ይከፍላል። በሰሜኑ ቀጠና ዝቅተኛው ጥልቀት 60 ኢንች (1.5 ሜትር ገደማ)፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በሚገኙበት በደቡቡ ቀጠና ደግሞ 42 ኢንች (1.07 ሜትር ገደማ) ነው። በአካባቢው ብዙ ቤቶች ምድር ቤት እንዲኖራቸው ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ለመሠረት ሲባል ጥልቅ ቁፋሮ ከተካሄደ ጥቂት ጨምሮ በመቆፈር አንድ ተጨማሪ ወለል ማግኘት ይቻላልና።

የመኪና መግቢያና የእግረኛ መንገድ ግን እስከዚህ ጥልቀት አይቆፈርላቸውም። እነርሱን የሚጠብቃቸው ከሥራቸው የሚነጠፈውና በደንብ የሚጠቀጠቀው ጠጠር እንዲሁም የውሃ መውረጃ ተዳፋት ነው። ውሃ ከሌለ መሬቱን የሚያነሳ በረዶ አይኖርም። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት የመኖሪያ ቤቶች ደንብ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማዎች ውስጥ ቢያንስ 6 ኢንች ዝቅ እያለ እንዲሄድ ይጠይቃል።

ብርድን የሚቋቋም ድብልቅ

ብርድ ላለበት አካባቢ ትልቁ ግኝት አየር ያዘለ ኮንክሪት ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ግዛት የተሠሩ አንዳንድ መንገዶች ከሌሎቹ በተሻለ ብርድን ሲቋቋሙ ታዩ። ምክንያቱ ሲጠና ሲሚንቶው በሚፈጭበት ጊዜ የተጨመረ ስብ በኮንክሪቱ ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች መፍጠሩ ታወቀ። ውሃ ሲረጋና ሲሰፋ ወደ እነዚህ አረፋዎች ስለሚገፋ ኮንክሪቱ አይሰነጠቅም። ዛሬ አረፋው የሚፈጠረው ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ኬሚካል ሲሆን፣ ለውጭ ሥራ የሚፈለገው የአየር መጠን በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ከመቶ ነው።

ሌላው ወሳኝ ነገር የውሃ መጠን ነው። ለብርድና ለጨው በሚጋለጥ ሥራ የውሃው ክብደት ከሲሚንቶው ክብደት 0.45 እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል። የመኖሪያ ቤቶች ደንቡ ከባድ ብርድ ባለባቸው አካባቢዎች ለውጭ ደረጃና ለጋራዥ ወለል ቢያንስ 3,500 ፒኤስአይ (24 ሜጋፓስካል ገደማ) ጥንካሬ ይጠይቃል። ጨው ለሚነካው ሥራ ግን 4,500 ፒኤስአይ (31 ሜጋፓስካል ገደማ) ይመረጣል። በሥራ ቦታ ድብልቁ እንዲለሰልስና በቀላሉ እንዲዘረጋ ተብሎ ሚክሰሩ ላይ ውሃ ሲጨመር ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል።

የላይኛው ገጽ አሠራርም የራሱ ድርሻ አለው። ከኮንክሪቱ ወደ ላይ የሚወጣው ውሃ ተንኖ ሳያልቅ ገጹን ማለስለስ ውሃውን መልሶ ከላይኛው ሽፋን ጋር ስለሚያደባልቅ ሽፋኑ ደካማ ይሆናል። የውጭ ወለል እንደ ቤት ውስጥ ሊሾ እንዲያብረቀርቅም አይደረግም፤ በመጥረጊያ ሸካራ ይደረጋል። ይህም አየር የያዘውን ሽፋን ከመጉዳት ያድናል፤ በበረዶ ጊዜም እግር አያንሸራትትም።

በብርድ ጊዜ ኮንክሪት ማፍሰስ

የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ የአየሩ ሙቀት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከወረደ ወይም ይወርዳል ተብሎ ከተጠበቀ ሥራውን «የብርድ ጊዜ ሥራ» ይለዋል። አዲስ ኮንክሪት 500 ፒኤስአይ (3.5 ሜጋፓስካል) ጥንካሬ ሳያገኝ መቀዝቀዝ የለበትም። ጥሩ ድብልቅ በ10 ዲግሪ ሙቀት ከተያዘ በሁለት ቀን ገደማ ወደዚህ ደረጃ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ከረጋ ግን በኋላ ምንም ቢደረግለት ሙሉ ጥንካሬውን አያገኝም።

ስለዚህ በብርድ ጊዜ ፋብሪካው በሞቀ ውሃ ያደባልቃል፤ ሠራተኞቹም ኮንክሪቱን ሙቀት በሚይዝ ብርድ ልብስ ይሸፍኑታል። በቀዘቀዘ መሬት ላይ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ መሬቱ ሲቀልጥ ይሰምጣልና። ቶሎ እንዲጠነክር ካልሲየም ክሎራይድ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። መጠኑ ከሲሚንቶው ክብደት 2 ከመቶ መብለጥ የለበትም፤ ብረትን ስለሚያዝግም ፌሮ ባለበት ሥራ አይመከርም። ጭሱ ወደ ውጭ የማይወጣ ማሞቂያ በተሸፈነ ቦታ መጠቀምም ሁለት ጉዳት አለው፦ አንደኛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአዲሱን ኮንክሪት ገጽ ዱቄት ያደርገዋል፤ ሁለተኛ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል።

ተቋራጭ መምረጥ

የአካባቢ ተቋራጭ የሚመረጠው የሰፈሩን አፈር፣ የከተማውን የፈቃድ አሠራርና ለዚያ ብርድ የሚስማማውን ድብልቅ የሚያቀርበውን ፋብሪካ ስለሚያውቅ ነው። ከዚህም በላይ የኮንክሪት ጉድለት ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ስለሆነ፣ በጸደይ ተመልሶ ሊጠየቅ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። በተመሳሳይ ምክንያት ተቋራጩ በቅርቡ የጨረሰውን ሥራ ከማየት ሦስት ወይም አራት ክረምት ያሳለፈውን ማየት ይበልጣል።

በሚኒሶታ የመኖሪያ ቤት ተቋራጮች ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቲቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ነው። ሆኖም የኮንክሪትና የግንበኝነት ሥራን የመሰለ አንድ የሙያ ዘርፍ ብቻ የሚሠራ ተቋራጭ ይህን ፈቃድ እንዲይዝ አይገደድም። ልዩነቱ ለቤቱ ባለቤት ትልቅ ትርጉም አለው። ግዛቲቱ በተቋራጭ ለተጎዱ ባለቤቶች ካሣ የሚሰጥ ፈንድ አላት፤ ፈንዱ የሚሸፍነው ግን ፈቃድ ባላቸው ተቋራጮች የደረሰን ጉዳት ብቻ ነው። ፈቃድ የማይጠየቅበት ተቋራጭ ሥራውን ቢያበላሽ ለባለቤቱ የሚቀረው ፍርድ ቤት መሄድ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ባይኖርም የኃላፊነት መድንና የሠራተኞች የጉዳት መድን ማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቤት ለቤት እየዞረ «ከሌላ ሥራ የተረፈ ኮንክሪት አለኝ፤ ዛሬውኑ በርካሽ ልሥራልህ» የሚል ሰው የታወቀ የማጭበርበር ዘዴ ምልክት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ በገዛ ቤታቸው ተጠይቀው 25 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ግዢ የተስማሙ ሰዎች በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ውሉን እንዲሰርዙ ይፈቅዳል።

ውልና ክፍያ

«የመኪና መግቢያ መሥራት» ብቻ የሚል ውል ለክርክር በር ይከፍታል። ጥሩ ውል የሚከተሉትን በጽሑፍ ይይዛል፦

- የኮንክሪቱን ውፍረት (ለቤት መኪና በአብዛኛው 4 ኢንች፣ ለከባድ መኪና 5 ወይም 6 ኢንች)፤
- ጥንካሬውን፣ የአየር መጠኑንና የውሃና ሲሚንቶ ምጣኔውን፤
- ከሥር የሚነጠፈውን ጠጠር ውፍረት፤
- ስንጥቅ በመስመር እንዲወጣ የሚቆረጡትን መገጣጠሚያዎች ርቀት (ለ4 ኢንች ውፍረት ከ8 እስከ 10 ጫማ፣ ጥልቀታቸው የውፍረቱ ሩብ)፤
- አዲሱ ኮንክሪት እርጥበቱንና ሙቀቱን እንዴትና ለስንት ቀን እንደሚጠብቅ፤
- ዋስትናው መላጥን ይሸፍን እንደሆነና እንዳልሆነ።

ሚክሰሩ ሲደርስ ሾፌሩ የሚሰጠው የማስረከቢያ ወረቀት የድብልቁን ዓይነትና የተጫነበትን ሰዓት ስለሚያሳይ ቅጂው መቀመጥ አለበት። ከቁፋሮ በፊት ደግሞ በ811 ተደውሎ የመሬት ውስጥ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሮች በነጻ ምልክት ይደረግባቸዋል።

ክፍያ በሥራው ደረጃ ተከፋፍሎ ቢፈጸም ይመረጣል። ተቋራጩ ገንዘቡን ተቀብሎ የኮንክሪት ፋብሪካውን ሳይከፍል ቢቀር፣ ፋብሪካው በሕግ የተቀመጡትን ማስታወቂያዎች አሟልቶ ያቀረበው ዕቃ ካበቃበት ቀን ጀምሮ በ120 ቀናት ውስጥ በቤቱ ላይ የዕዳ እግድ ማስመዝገብ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ባለቤቱ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ እስከ መክፈል ሊደርስ ይችላል። መከላከያው የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አቅራቢዎች ገንዘባቸውን መቀበላቸውንና መብታቸውን መተዋቸውን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት መጠየቅ ነው።

ከሥራው በኋላ

በመጀመሪያው ክረምት አዲስ ኮንክሪት ላይ ጨው አይበተንም፤ ላለማንሸራተት አሸዋ ይበቃል። አሞኒየም ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሰልፌት ያለባቸው ማቅለጫዎች ኮንክሪትን በኬሚካል ስለሚበሉ በየትኛውም ጊዜ አይመከሩም። ወደ ውስጥ የሚሰርግ የውሃ መከላከያ መቀባትም የኮንክሪቱን ዕድሜ ያራዝማል።

ከኢትዮጵያ ጋር ሲነጻጸር

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ቤት ሲገዙም ይህ አሠራር ያጋጥማቸዋል። በኢትዮጵያ ደጋ፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃን፣ ሌሊት ውርጭ ቢወርድም መሬቱ እንደ ሚኒሶታ በጥልቀት አይረጋም። ተቀራራቢ ችግር የሚታየው መረሬ አፈር ባለበት ቦታ ነው። መረሬ በዝናብ አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ በላዩ ያረፈን ቤት ያነሳል፣ ያወርዳል። መንስኤያቸው ቢለያይም ሁለቱም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፦ መሠረት የሚያርፈው በማይነቃነቅ አፈር ላይ መሆን አለበት፤ ውሃም ከቤቱ መራቅ አለበት።