የማቀዝቀዣ ድምፆችና የብልሽት ግሦች

የቤት ማቀዝቀዣ የአጠቃቀም መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ክርክር የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በስሞች ላይ ነው። «ፍሪጅ» ይባል ወይስ «ማቀዝቀዣ»? «ኮምፕረሰር» እንዳለ ይወሰድ ወይስ ይተርጐም? እኛ ግን ከስሙ ይልቅ ግሡ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል እንላለን። የዕቃው ባለቤት ችግሩን የሚያስረዳው የውስጥ ክፍሎችን ስም በመጥራት ሳይሆን የሰማውን ወይም ያየውን በግሥ በመናገር ነውና። መመሪያው ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ «ድምፅ ያሰማል» ካለ፣ አንባቢው የጤናውን ድምፅ ከብልሽቱ ለመለየት ይቸገራል፤ ወይ ያለ ምክንያት ባለሙያ ይጠራል፣ ወይም መጥራት ሲገባው ይዘገያል።

በዚህ ረገድ አማርኛ የቃላት ድኽነት የለበትም። «አለ» የሚለውን ግሥ ተደግፈው የሚነገሩት ድምፅ አስመሳይ ቃላት ብቻ እንኳ ብዙ ልዩነት ይገልጣሉ። ለምሳሌ ያህል ቴርሞስታቱ ሞተሩን ሲያስነሣ ማቀዝቀዣው ጠቅ ይልና ማጉረምረም ይጀምራል፤ የሚፈለገው ቅዝቃዜ ሲገኝም እንደገና ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ይህ የጤና ነው። በየጥቂት ደቂቃው ጠቅ እያለ ማጉረምረሙ ካልተከተለ ግን፣ ኮምፕረሰሩ ለመነሣት ሞክሮ በመከላከያው እየተቋረጠ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም የኤሌክትሪኩ ኀይል ከ220 ቮልት እጅግ መውረዱ፣ የማስነሻው መበላሸት ወይም የኮምፕረሰሩ መያዝ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ጠቅ ብሎ ይነሣል»፣ ሁለተኛውን «ጠቅ ብሎ ይቀራል» ብሎ መለየት ይበጃል። እንዲሁም ሞተሩ በራሱ ጊዜ ሲያቋርጥ «ዐረፈ»፣ በብልሽት ሲያቋርጥ «ቆመ» ቢባል አሻሚነት አይኖርም።

ሌሎቹንም በአጭሩ እንመልከት። «ይንተከተካል» የሚለው ለድስት የሚነገር ግሥ ለማቀዝቀዣም በትክክል ይስማማል፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሙቀት እየሳበ በእርግጥ ይፈላልና፤ ብልሽት አይደለም። «ቀጭ ይላል» የሚባለው ፕላስቲኩና ብረቱ በሙቀት ለውጥ ሲኮማተሩና ሲለጠጡ ነው፤ ይህም አያሠጋም። «ይንገጫገጫል» ሲባል ብዙውን ጊዜ እግሮቹ አልተስተካከሉም ወይም ዕቃው ግድግዳ ነክቷል፤ ባለቤቱ ራሱ ያቃናዋል። «ይፋጫል» ከተባለ ደግሞ የማራገቢያው ምላስ ከበረዶ ጋር እየተነካካ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ በረዶው እስኪቀልጥ መጠበቅ ይገባል። በቢላዋ መፈልፈል ቧንቧውን ሊበሳ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን «ጋዝ አለቀ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ነው። ከሰል ያልቃል፣ ዘይት ያልቃል፣ ነጭ ጋዝም ያልቃል፤ ሲሠራባቸው ያልቃሉና። የማቀዝቀዣ ጋዝ ግን በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር እንጂ የሚቃጠል አይደለም፤ ከጐደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ። «አለቀ» የሚለው ግሥ «ጨምርበት» የሚል መፍትሔ ያመጣል፤ «አፈተለከ» የሚለው ግን «ቀዳዳውን ፈልግ» ይላል። በመጀመሪያው ግሥ የተመራ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለዚያው ችግር እንደገና ይከፍላል። ከዚህም በላይ በብዙ አዳዲስ ማቀዝቀዣዎች የሚገባው አይሶቡቴን ተቀጣጣይ ስለ ሆነ፣ ማፈትለኩ በግልጥ ሊነገርና እሳት ማራቅ፣ ክፍሉንም ማናፈስ እንደሚገባ ሊታዘዝ ያስፈልጋል።

«አያቀዘቅዝም» የሚለውም እንዲሁ ሊተነተን ይገባዋል። የምግቡ ክፍል 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች፣ የበረዶው ክፍል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆን አለበት። ጨርሶ የማያቀዘቅዝና በቂ የማያቀዘቅዝ አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው ምክንያቱ የበሩ ጎማ መላላት ወይም ከኋላው ያለው የሙቀት ማስወገጃ አቧራ መልበስ ሊሆን ይችላል። በሩ ወረቀት ይዞ ሲዘጋ ወረቀቱ ያለ ችግር ከተሳበ ጎማው አይገጥምም ማለት ነው።

ስለሆነም ተርጓሚው የብልሽት ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ አስቀድሞ ድምፁን ራሱ ቢሰማ፣ ከዚያም የመረጠውን ግሥ ለጠጋኝና ለቤት እመቤት አንብቦ ሁለቱም አንድ ነገር መረዳታቸውን ቢያረጋግጥ እንመክራለን። ስሙን ከውጭ መዋስ ይቻላል፤ ትክክለኛው ግሥ ግን በአብዛኛው በቤታችን አለ።