የወደቀው ሰው ልብ ስንት ጊዜ መታ?

እስቲ አንድ ነገር አብረን እናስብ። ቀኑ የገበያ ቀን፣ ቦታው ሲሬ ነው። ሰባ ዓመት የተጠጋቸው አንድ አባት ስንዴያቸውን ሸጠው ከተቀመጡበት ሲነሡ ድንገት ተዝለፍልፈው ይወድቃሉ። ሰው ይሰበሰባል። አንዱ ውኃ ይረጫል፣ ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸታቸዋል፣ ሦስተኛው «ጅን ነው!» ይላል። ደቂቃ ሳይሞላ አባታችን ዓይናቸውን ገልጠው «ምን ሆንኩ?» ይላሉ። ልብሳቸውን አራግፈውም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በሳምንቱ ከመስጊድ ደጃፍ ይደግማቸዋል፤ በወሩ ደግሞ ከምድጃ ዳር።

ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ የእጃቸውን አንጓ ይዞ የልባቸውን ምት የቆጠረ አንድም አልነበረም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚያ ሳይቆጠር ስለቀረው ምት ነው።

ልብ በምን ይመታል?

በልባችን የቀኝ ላይኛው ክፍል አንድ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ አለ። ይህ ስብስብ እየደጋገመ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይለቃል። ምልክቱ በመካከል ባለው መተላለፊያ አልፎ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ሲደርስ ልብ ይኮማተራል፣ ደምም ወደ ሰውነት ይሠራጫል። ዐርፎ የተቀመጠ ጤነኛ አዋቂ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ፣ በቀን ደግሞ 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል።

ታዲያ መተላለፊያው በእርጅና ወይም በልብ ሕመም ሲጎዳ ምልክቱ ከላይ ወደ ታች መድረስ ያቅተዋል። የልብ የታችኛው ክፍል በራሱ አቅም በደቂቃ 30 ወይም 40 ጊዜ ብቻ መምታት ይጀምራል፤ አንዳንዴም ለጥቂት ሴኮንዶች ጭራሽ ጸጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት አንጎል ደም ያጣል፣ ሰውየውም ይወድቃል። ልብ ሲመለስ እሱም ይነቃል። ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ይኸው ቶሎ መንቃቱ ነው።

ይሁንና የልብ ምት መቀነስ ብቻውን በሽታ አይደለም። ይህን ከአርሲ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ካፈራችው አሰላ፣ ቀነኒሳ በቀለንና ዲባባዎችን ካፈራችው በቆጂ የሚነሣ ሯጭ፣ ዐርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ 40 ጊዜ ገደማ ቢመታ ከልምምድ የተገኘ ብርታት እንጂ ሕመም ላይሆን ይችላል። የሚያሰጋው የልብ ምት መዘግየት ከማዞር፣ ከድካምና ራስን ከመሳት ጋር ሲመጣ ነው።

ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ የተጀመረው መሣሪያ

የዚህ ሕመም መድኃኒት ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ፔስሜከር ይሉታል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አካል ውስጥ የተተከለው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1958 በስዊድን ስቶክሆልም ነበር። ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ፣ መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት፣ ታማሚው ደግሞ የ43 ዓመቱ አርነ ላርሶን ነበሩ። መሐንዲሱ መሣሪያውን የቀረጸው በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ያ የመጀመሪያው የሠራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ በሌላ ተተካ። ላርሶን ከዚያ በኋላ ከ20 የሚበልጡ መሣሪያዎችን እየቀያየሩ እስከ 2001 ድረስ ኖሩ። ሐኪሙም መሐንዲሱም ከእርሳቸው ቀድመው ሞቱ።

የዛሬው መሣሪያ በመዳፍ ውስጥ የሚጠፋ ነው። ሐኪሙ አካባቢውን ብቻ አደንዝዞ ከደረት በላይ ካለው የአንገት ሥር አጥንት በታች ቆዳውን ጥቂት ይከፍታል፣ ቀጭን ሽቦም በደም ሥር በኩል እስከ ልብ ያደርሳል። መሣሪያው ልብን ሌት ተቀን ያዳምጣል፤ ልብ በራሱ ከመታ ዝም ይላል፣ ከዘገየ ይቀሰቅሰዋል። ባትሪው ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያገለግላል።

መውደቁ አልፎ አልፎ ብቻ ሆኖ ምክንያቱ በተራ ምርመራ ካልተገኘ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ከትንሽ ጣት የሚያንስ መመዝገቢያ ከደረት ቆዳ ሥር ይቀመጥና የልብን ምት ለዓመታት እየመዘገበ ይቆያል።

የእኛስ አገር?

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕክምና ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ፔስሜከርም በአዲስ አበባ ይተከላል። ችግሩ መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ተካዩ ባለሙያም ጥቂት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች ጥናት እንዳመለከተው፣ በአህጉራችን በአማካይ አገር ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ መካከል መሣሪያው በዓመት የሚተከልለት ሰው ሦስት እንኳ አይሞላም። ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ወደ 200 እጥፍ ነው።

ተስፋ ሰጪ ነገርም አለ። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተባበረውና ኬንያን ጨምሮ በሰባት አገሮች ወደ 300 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 ቀርቧል። ከለጋሾች ተሰብስቦ ጸድቶና ተመርምሮ በድጋሚ የተተከለ መሣሪያ፣ በ90 ቀን ክትትል ከአዲሱ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም።

ሶላቱስ? ሐጁስ?

መሣሪያው የተተከለለት ሰው ሶላቱን ይሰግዳል፣ ሥራውንም ይሠራል። ቁስሉ እስኪድን ውኃ እንዳይነካው ስለሚታዘዝ ስለ ውዱእ አሊምን ይጠይቅ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም በዚያ በኩል ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ አያንሣ፤ ለተክቢራ ሲያነሣም ይህን ያስታውስ። ሐጅ የሚሄድ ሰው የመሣሪያውን መታወቂያ ካርድ ይያዝ፤ በአውሮፕላን ጣቢያ የፍተሻ በር ሥር ሳይቆም ይለፍ። ሞባይሉን ከመሣሪያው 15 ሳንቲ ሜትር ያርቅ፣ ከብየዳ ሥራም ይጠንቀቅ። ከሁሉ በላይ ቀጠሮውን አያሳልፍ፤ ባትሪው ማለቁ አስቀድሞ የሚታወቀው በቀጠሮ ምርመራ ነው።

እንግዲህ ወደ ሲሬው ገበያ እንመለስ። ዱዓውንና ሩቅያውን ማንም አይከለክልም፤ ሕክምና መፈለግም ከተወኩል ጋር አይጣላም። ሰው ሲወድቅ በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ትንፋሹ ካለ ሁለት ጣታችሁን ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ከእጁ አንጓ ላይ አሳርፋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ቁጥሩን በወረቀት ጻፉና ሰውየውን ኢሲጂ ወደሚነሣበት ሆስፒታል ውሰዱት፤ ለሲሬ ሰው አሰላ ወይም አዳማ ማለት ነው። ደጋግሞ የወደቀ ሰው ምትማ ነገ ዛሬ አይባልለትም።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን።